ሃምሳ ዘጠኙ ቀናት



በዚህ አዳራሽ ውስጥ ሰርቨር የሚጠብቁ ባለሙያዎች አሉ። ሰርቨር ክፍል ገብተው የማያውቁ፣ ነገር ግን ያለ እነሱ ፈቃድ ሰርቨሩ ለአንድ ሰዓት እንኳ መቆም የማይችል ኃላፊዎችም አሉ። ንግግሬ ለሁለቱም ነው፤ ፊቴን ይበልጥ የማዞረው ግን ወደ ኃላፊዎቹ ነው። በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው የዘገዩ የደህንነት ማስተካከያዎች ብዙዎቹ የዘገዩት ባለሙያው ሳያውቅ ቀርቶ ወይም ሰንፎ አልነበረም። «ዛሬ ማታ ሰርቨሩን አቁምና አድስ፤ ለሚመጣው ጥያቄ እኔ አለሁ» የሚል አለቃ ጠፍቶ ነው።

ነገሩን በአንድ ታሪክ ላስረዳ። ማክሰኞ መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት «ኤም ኤስ 17-010» የሚል ቁጥር የተሰጠው የደህንነት ማስተካከያ፣ እኛ በሥራ ላይ ፓች የምንለውን ማለት ነው፣ ለቀቀ። ዓርብ ግንቦት 4 ቀን ደግሞ ዋናክራይ የተባለ ተዛማች ፕሮግራም ያንን ፓች ያልጫኑ ኮምፒውተሮችን በየአገሩ መቆለፍ ጀመረ። በመካከሉ 59 ቀን አለ። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ማስተካከያው በነጻ ይታደል ነበር፤ ጥቃቱም ገና አልተጀመረም ነበር።

መጀመሪያ ክፍተቱ የት እንደነበር እንይ። በመሥሪያ ቤታችሁ «ሼርድ ፎልደር» የምትሉትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሒሳብ ሠራተኛዋ የደመወዝ መክፈያውን ስትከፍት ፋይሉ የሚመጣላት ከሰርቨሩ ዲስክ ነው። የእሷ ኮምፒውተርና ሰርቨሩ የሚግባቡበት ሥርዓት ኤስ ኤም ቢ ይባላል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባሪ ፋይገንባውም የተባለ የአይ ቢ ኤም መሐንዲስ የጀመረው ነው። ማይክሮሶፍት ተቀብሎ አሰፋው፤ በዊንዶውስ ሰርቨር ውስጥም ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ገብቶ፣ ከፍተኛውን ሥልጣን ይዞ የሚሠራ ክፍል ሆነ። 445 በተባለው የኔትወርክ ፖርት ላይ ሆኖ የሚመጣለትን ጥያቄ ሁሉ ይሰማል። ጠያቂው ማን እንደሆነ ሳይጣራ በሚሠራ ኮድ ውስጥ ስሕተት ካለ፣ ያ ስሕተት የሰርቨሩን ሙሉ ሥልጣን ለማይታወቅ ሰው አሳልፎ ይሰጣል።

ስሕተቱም ነበረ። በ1987 እ.ኤ.አ. አይ ቢ ኤምና ማይክሮሶፍት አብረው ይፋ ያደረጉት ኦ ኤስ 2 የሚባል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነበር። በእሱ ላይ ፋይሎች ከስማቸውና ከይዘታቸው ሌላ ተጨማሪ መግለጫዎች ይያያዙላቸው ነበር። ዊንዶውስ ከዚያ ጋር እንዲግባባ ሲባል የመግለጫዎቹን ዝርዝር ከኦ ኤስ 2 አቀማመጥ ወደ ራሱ አቀማመጥ የሚለውጥ ኮድ ተጻፈለት። ኮዱ ዝርዝሩን ከመለወጡ በፊት ርዝመቱን ያሰላል፤ መጨረሻው ላይ የተበላሸ መግለጫ ካገኘም ርዝመቱን ቀንሶ ይመዘግባል። ርዝመቱ የሚያዘው በ32 ቢት ነው። የተቀነሰው ቁጥር የሚጻፈው ግን በታችኛው 16 ቢት ላይ ብቻ ነበር፤ የላይኛው ሳይነካ ይቀራል። በቁጥር ላስቀምጠው፦ ርዝመቱ ከ65,536 ወደ 65,373 ዝቅ ማለት ሲገባው 130,909 ሆኖ ይመዘገባል። እንዲቀንስ የታዘዘው ቁጥር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ለአንድ ኩንታል በተሰፋ ጆንያ ሁለት ኩንታል እህል እንደመገልበጥ ነው፤ ትርፉ አጠገቡ ባለው የሰው ዕቃ ላይ ይፈሳል። አጥቂው ደግሞ የሚፈሰውን ራሱ ያዘጋጃል፣ የሚፈስበትን ቦታም አስቀድሞ ያመቻቻል፤ በዚህም የራሱን ትእዛዝ በሰርቨሩ እምብርት ውስጥ ያስፈጽማል።

በ2009 ዓ.ም. ኦ ኤስ 2 የሚጠቀም መሥሪያ ቤት ማግኘት ቀላል አልነበረም። ለእሱ የተጻፈው ኮድ ግን ከቴሌኮም ኩባንያ እስከ ሆስፒታል ድረስ በየሰርቨሩ ላይ ሌት ተቀን ሥራ ላይ ነበር። የማከማቻ ሶፍትዌር ጠባይ እንዲህ ነው፤ የትናንቱን ፋይል ዛሬም መክፈት ስላለበት የትናንቱን ኮድ ተሸክሞ ይኖራል። አሮጌ ፋይል የማይከፍት ሰርቨር ማንም አይፈልግም፤ እኔም አልፈልግም። ስለዚህ አሮጌው ኮድ ውስጥ ክፍተት መገኘቱ የሚያስደንቅ አይደለም፣ ወደፊትም ይገኛል። የሚያሳስበኝ ክፍተቱ ከተገኘ በኋላ ያለው ጊዜ ነው።

ይህን ክፍተት ከማይክሮሶፍት ቀድሞ ያወቀው የአሜሪካ ብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ ነበር። ኤጀንሲው ለስለላ የሚሆን መሣሪያ ሠራበት፤ መሣሪያው ኤተርናልብሉ ይባላል። ከዚያ ተሰረቀ። የማይክሮሶፍት ፕሬዚዳንት ብራድ ስሚዝ መሣሪያው ከዚያ ኤጀንሲ የተሰረቀ መሆኑን በይፋ ተናግረዋል፤ መንግሥታት እንዲህ ያለ ክፍተት ሲያገኙ ለአምራቹ ማሳወቅ እንጂ ማከማቸት እንደማይገባቸውም አጥብቀው ወቅሰዋል። በዚህ ነጥብ ከእሳቸው ጋር ነኝ። የሰላዮች መጋዘን የማይሰረቅ አድርጎ መሥራት የቻለ መንግሥት እስካሁን አላየንም፤ ሲሰረቅ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ በነገሩ እጁ የሌለበት ሰው ነው።

ራሳቸውን ሻዶው ብሮከርስ ብለው የሰየሙት ሰዎች የተሰረቀውን መሣሪያ ለዓለም ሁሉ የበተኑት ሚያዝያ 6 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ልብ በሉልኝ፤ የስቅለት ዕለት ነበር። በዚያ ዓመት የእኛና የምዕራባውያኑ ፋሲካ በአንድ እሑድ ውሏል። እኛ ስንሰግድ፣ እነሱም የበዓል ዕረፍት ላይ ሳሉ፣ በየአገሩ የሰርቨር ክፍል ባዶ በሆነበት ሰዓት ማለት ነው።

እንግዲህ 59ኙ ቀን በሁለት ይከፈላል። ከመጋቢት 5 እስከ ስቅለት 31 ቀን፣ ከስቅለት እስከ ዋናክራይ 28 ቀን። የመጀመሪያው 31 ቀን ጸጥ ያለ ይመስላል፤ ለዚህ ነው ብዙ ኃላፊ «እስካሁን ምን ሆነ? ለወር መጨረሻ እናድርሰው» የሚለው። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ግን አጥቂዎች ሥራ ላይ ናቸው። ፓች ሲወጣ አሮጌው ፋይልና አዲሱ ፋይል ሁለቱም በማንም እጅ ይገባሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የተለወጠውን መስመር የሚያሳይ ፕሮግራም አለ። የተለወጠው መስመር ክፍተቱ የነበረበት ቦታ ነው። ሙያው ያለው ሰው ከዚያ ተነሥቶ ማጥቂያ መሥራት ይችላል፤ አንዳንዴ የሚፈጅበት ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ፓቹ በወጣበት ቀን ሁለት ወገኖች አብረው ያውቃሉ፦ የሚያድሰውም የሚያጠቃውም። ፓች ሳይጫን በዋለ ቁጥር ሰርቨሩ ያለበት ሁኔታ እንደ ትናንቱ አይደለም፤ ከትናንቱ የባሰ ነው። ትናንት ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁት ክፍተት ነበር፣ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ሆኗል። ኃላፊዎች ከሁሉም በላይ ይህን እንዲይዙልኝ እለምናለሁ፤ «እንቆይ» የሚለው ቃል ጥንቃቄ ስለሚመስል ብዙ ጨዋና አስተዋይ ሰው ይሳሳትበታል።

ከስቅለት በኋላ ባለው 28 ቀን ውስጥ ደግሞ ማጥቂያውን መሥራት እንኳ አላስፈለገም። ተሠርቶ፣ ተፈትኖ፣ ከነአጠቃቀሙ ተበትኗል።

ግንቦት 4 ቀን የሆነውን ታስታውሱታላችሁ። ዋናክራይ ራንሰምዌር ነው፤ ፋይሎችን ቆልፎ መክፈቻ ይሸጣል። በመጀመሪያ 300 ዶላር በቢትኮይን ይጠይቅ ነበር፤ ከዘገያችሁ 600። ከዚያ በፊት ከነበሩት ከብዙዎቹ የሚለየው ማንም ኢሜይል እንዲከፍት ወይም የሆነ ነገር እንዲጫን አለመፈለጉ ነው። አንድ ኮምፒውተር ከያዘ በ445 ፖርት በኩል ጎረቤቶቹን እያንኳኳ ራሱን ያባዛል። የአውሮፓ ፖሊስ ድርጅት ዩሮፖል እንዳስታወቀው በቀናት ውስጥ በ150 አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮች ተያዙ። የስፔኑ ቴሌፎኒካ ተመታ፤ ሬኖ ፋብሪካዎቹን አቆመ፤ በጀርመን ባቡር ጣቢያዎች የመነሻ ሰሌዳዎች ላይ የቤዛው መልእክት ታየ። ማርከስ ሃቺንስ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ተመራማሪ ፕሮግራሙ ሁልጊዜ የሚጠይቀው አንድ ያልተመዘገበ የድረ ገጽ አድራሻ እንዳለ አይቶ አስመዘገበው። አድራሻው መልስ መስጠት ሲጀምር ፕሮግራሙ መዛመቱን አቆመ። ይህ ባይሆን ኖሮ ቁጥሩ የት እንደሚደርስ መገመት ይከብዳል። አስቀድሞ የተቆለፈውን ግን ያ አድራሻ አልከፈተውም።

ከሁሉም ይልቅ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ታሪክ ደጋግሜ አነባለሁ፤ ምክንያቱም የብሪታንያ ብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤት ነገሩን መርምሮ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. በግልጽ ጽፎታል። በእንግሊዝ ሆስፒታሎችንና ሌሎች የጤና አገልግሎቶችን ከሚያስተዳድሩት 236 ትረስቶች ቢያንስ 81 ተነክተዋል፤ 595 የቤተሰብ ሐኪም ክሊኒኮችም ተይዘዋል። 6,912 የሕክምና ቀጠሮ መሰረዙ ተቆጥሮ ታውቋል፤ ጠቅላላው ከ19,000 በላይ እንደሚሆን ተገምቷል። በአምስት አካባቢዎች የድንገተኛ ሕመምተኞች ራቅ ወዳለ ሆስፒታል መሄድ ነበረባቸው። የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር በኋላ የጠቅላላውን ኪሣራ 92 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አድርጎታል።

ወሬው ያን ጊዜ «ሆስፒታሎቹ ድሮ የቀረውን ዊንዶውስ ኤክስፒ ስለሚጠቀሙ ነው» የሚል ነበር። ምርመራው ያሳየው ግን ሌላ ነው። በአብዛኛው የተያዙት ዊንዶውስ 7 የተጫነባቸው ኮምፒውተሮች ናቸው፤ ያን ጊዜ ማይክሮሶፍት በየወሩ ፓች የሚልክላቸው። የጤና አገልግሎቱ የዲጂታል ክፍል በመጋቢትም በሚያዝያም «ይህን ማስተካከያ ጫኑ» ብሎ አስቸኳይ ማስጠንቀቂያ ልኳል። ከጥቃቱ በፊት የሳይበር ዝግጅታቸው በቦታው ተገኝቶ የተፈተሸ 88 ትረስቶች ነበሩ፤ አንዱም አላለፈም። ማስጠንቀቂያ የሚልክ አካል ነበረ፣ ፓቹ ነበረ፣ ባለሙያውም ነበረ። በየሆስፒታሉ ተቀምጦ «ተጭኗል ወይስ አልተጫነም?» ብሎ የሚጠይቅና መልሱን የመቀበል ግዴታ ያለበት ሰው ነው የታጣው።

እዚህ ላይ ለኃላፊዎቹም ፍትሕ ላድርግ። ፓች ያስፈራል፤ ፍርሃቱም መሠረት የሌለው አይደለም። ጥር 3 ቀን 2014 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት የለቀቀው ወርሃዊ ማስተካከያ የሠራተኞችን መለያ የሚይዙ አንዳንድ ሰርቨሮችን፣ ዶሜይን ኮንትሮለር የምንላቸውን፣ ደጋግመው እየጠፉ እንዲነሡ አደረጋቸው፤ በአንዳንድ ሰርቨሮች ላይ ምናባዊ ሰርቨሮችን የሚያስኬደው ሃይፐር ቪ አልነሣ አለ፤ ሬፍስ በሚባለው የፋይል ሥርዓት የተዘጋጁ ዲስኮችም ባዶና ያልተዘጋጁ መስለው ታዩ። ዲስኩን ጠዋት ከፍቶ «ያልታወቀ» የሚል ጽሑፍ ያየ ባለሙያ ምን እንደሚሰማው ሙያው ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። ማይክሮሶፍት በሳምንት ውስጥ አስቸኳይ ማረሚያ አወጣ። ያን ሳምንት ያለፈ አንድ ዳይሬክተር በሚቀጥለው ወር «መጀመሪያ ሌሎች ይሞክሩት» ቢል አልፈርድበትም። የምለው ግን ፍርሃቱ መምራት ያለበት ወደ መዘግየት ሳይሆን ወደ ዝግጅት ነው። ፓች ከመጫኑ በፊት ባክአፕ ይወሰድ፤ ባክአፑ መመለስ መቻሉም በእውነት ይሞከር። መጀመሪያ ብዙ ሰው በማይጠቀምበት አንድ ሰርቨር ላይ ይጫን፤ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይታይ፤ ከዚያ ወደ ዋናዎቹ ይኬድ። ይህ ሁሉ በአንድ ሳምንት ያልቃል፤ 59 ቀን አያስፈልገውም።

ዋናክራይ ያላስተማረው ነበረ። ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ፓቹ ከወጣ ከ105 ቀን በኋላ፣ ኖትፔትያ መጣ። በዩክሬን ብዙ ድርጅቶች ለግብር ሥራ በሚጠቀሙበት ኤም ኢ ዶክ በተባለ የሒሳብ ሶፍትዌር አፕዴት ውስጥ ተደብቆ ገባ፤ ከገባ በኋላ በኤተርናልብሉም ተዛመተ። ቤዛ የሚጠይቅ ይመስላል እንጂ መክፈቻ አልነበረውም፤ የሚያጠፋ ነው። የዴንማርኩ የመርከብ ድርጅት ሜርስክ 4,000 ሰርቨሮችንና 45,000 ኮምፒውተሮችን በአሥር ቀን ውስጥ እንደ አዲስ ለመጫን ተገደደ፤ ያን ጊዜ የቦርዱ ሊቀመንበር የነበሩት ጂም ሃገማን ስናበ በዳቮስ ስብሰባ ላይ ራሳቸው የተናገሩት ነው። ድርጅቱ ኪሣራውን ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል። የሠራተኞቹን ሁሉ መለያ የያዙት ዶሜይን ኮንትሮለሮች በመላው ዓለም ጠፍተው የተረፈው አንዱ ብቻ ነበር፤ እሱም ጋና ውስጥ። ጥቃቱ ሲመጣ እዚያ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ከኔትወርክ ተለይቷል። የዚያ ኮንትሮለር ኮፒ እንግሊዝ እስኪደርስ ድረስ የጋናው ሠራተኛ የእንግሊዝ ቪዛ ስላልነበረው ናይጄሪያ ድረስ በርሮ ለሌላ ሠራተኛ ማስረከብ ነበረበት። ያን ያህል ትልቅ ድርጅት ከኔትወርኩ ውጭ የተቀመጠ አንድ የዶሜይን ኮንትሮለር ባክአፕ ቢኖረው ኖሮ መብራት መጥፋቱን ማመስገን አያስፈልገውም ነበር።

ኖትፔትያ ለቴክኒክ ሰዎች አንድ ከባድ ነገር አሳይቷል። ያልታደሰ አንድ ኮምፒውተር ሲያገኝ በዚያ ይገባል፤ ከገባ በኋላ በኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ ውስጥ የተቀመጡትን የአድሚን የይለፍ ቃሎች አውጥቶ የታደሱትንም በሕጋዊ በር ይከፍታቸዋል። ከመቶ ሰርቨር ዘጠና ዘጠኙን ማደስ ጥሩ ውጤት ይመስላል። በዚህ ዓይነት ጥቃት ፊት ግን ዘጠና ዘጠኙን የሚያሳጣው የቀረው አንዱ ነው፤ የቀረውም ብዙ ጊዜ ማንም ሊነካው የማይደፍረው፣ የሠራው ባለሙያ ከሄደ የቆየው አሮጌ ሰርቨር ነው።

ቀኑንም እዩት፤ ሰኔ 20። እኛ ጋ የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። በሰኔ ሦስተኛ ሳምንት ፋይናንስ ክፍል እያመሸ ክፍያ ሲጨርስ «ሰርቨሩን ሪስታርት ላደርግ ነው» የሚል ባለሙያ ምን እንደሚባል ሁላችን እናውቃለን። ግንቦት ላይ «ሰኔ እየመጣ ነው» ይባላል፤ ሐምሌ ላይ «ኦዲት አለ» ይባላል፤ ጳጉሜን ላይ «ዓመቱ ይዙር» ይባላል። ስለዚህ የጥገናው ቀን የሚወሰነው ችግሩ በተነሣበት ሳምንት ሳይሆን በዓመቱ መጀመሪያ፣ ከሥራ ዕቅዱ ጋር መሆን አለበት። ማይክሮሶፍት ከጥቅምት 2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፓቹን የሚለቀው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ ነው፤ በአዲስ አበባ ሰዓት ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ይደርሰናል። የዓመቱ አሥራ ሁለት ቀናት ዛሬውኑ ይታወቃሉ። በሰኔ ውስጥ የሚውለውም ይታወቃል። ቀኑ እየታወቀ በየወሩ እንደ ድንገተኛ ነገር የምንከራከርበት ምክንያት የለም።

«እኛ ሊኑክስ ነው የምንጠቀመው» የሚሉ ወዳጆቼ አሉ፤ እኔም እጠቀማለሁ፣ እወደዋለሁም። ነገር ግን በዚያው በ2009 ዓ.ም. ግንቦት 16 ቀን፣ ዋናክራይ ከመጣ 12 ቀን በኋላ፣ ሳምባ ላይ ተመሳሳይ ከባድ ክፍተት ይፋ ሆነ። ሳምባ አውስትራሊያዊው አንድሩ ትሪጅል የጀመረው፣ ሊኑክስ ሰርቨር ከዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ጋር ፋይል እንዲጋራ የሚያደርግ ነጻ ሶፍትዌር ነው። ክፍተቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ከወጣው 3.5.0 ከተባለው ስሪት ጀምሮ በነበሩት ሁሉ ውስጥ ነበር። መጻፍ በሚፈቀድበት ፎልደር ውስጥ አንድ ሰው የራሱን የፕሮግራም ፋይል ካስቀመጠ ሰርቨሩ ያንን ፋይል እንዲያስነሣው ማድረግ ይችላል። ማስተካከያው በዚያው ቀን ተዘጋጅቷል። ሳምንታት ሳይቆይ ግን ያልታደሱ ሰርቨሮች ውስጥ ገብተው ለራሳቸው ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርቱ ሰዎች ተገኙ። ባለቤቱ ሰርቨሩ ለምን እንደተንቀራፈፈ ሳያውቅ መብራቱንና ማሽኑን ያከራያል፤ ያለ ኪራይ።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ሰርቨር መሆናቸውን የረሳናቸው ናቸው። በየትንንሹ ድርጅት፣ በየፎቶ ቤቱና በየሕትመት ቤቱ መደርደሪያ ላይ የተቀመጡ የማከማቻ ሳጥኖች በውስጣቸው ሊኑክስና ሳምባ አላቸው። ከተገዙ ቀን ጀምሮ ማንም አድሷቸው አያውቅም። ሰኔ 2013 ዓ.ም. ማይ ቡክ ላይቭ የተባሉትን የዌስተርን ዲጂታል ሳጥኖች የያዙ ሰዎች ጠዋት ተነሥተው ዲስካቸው ባዶ ሆኖ አገኙት፤ በኢንተርኔት በኩል ሁሉንም አጥፍቶ ወደ ፋብሪካ ሁኔታ የሚመልስ ትእዛዝ ተልኮባቸው ነበር። ለእነዚያ ሳጥኖች የመጨረሻው ማስተካከያ የወጣው በ2015 እ.ኤ.አ. ነበር። አምራቹ ማስተካከያ ማውጣት ያቆመለት ዕቃ ምንም ያህል በደህና ቢሠራ ከኢንተርኔት መነቀል አለበት። ይህን ስል ለመተካት ገንዘብ የሌለው ድርጅት እንዳለ ረስቼ አይደለም፤ ለመንቀል ግን ገንዘብ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ቤታችን ልግባ። ያለ ፈቃድ የተጫነ ዊንዶውስ ሰርቨር ይዘው «አክቲቬሽኑ ይበላሻል» በሚል ፍርሃት አፕዴቱን ሆን ብለው የዘጉ መሥሪያ ቤቶች አሉ። በእነዚህ ሰርቨሮች ላይ የሕዝብ መረጃ ተቀምጧል፤ የመሬት ካርታ፣ የታካሚ ካርድ፣ የተማሪ ውጤት። በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ከወጣ ወዲህ የሰውን መረጃ የያዘ ተቋም መረጃውን የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ አለበት። ለፈቃድ የሚወጣው ገንዘብ በበጀት ስብሰባ ላይ «ይቆይ» ከሚባሉት መካከል ባይመደብ እመኛለሁ።

ስለ ኢንተርኔት ፍጥነትም ሁልጊዜ ይነሣብኛል። ሁለት መቶ ኮምፒውተር ለየራሱ ሲያወርድ መሥመሩ እንደሚታነቅ እውነት ነው። ለዚህ አንድ ሰርቨር ሌሊት አንዴ አውርዶ ለሁሉም እንዲያድል የሚያደርግ አሠራር አለ፤ ዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ዊሰስ የምንለው አብሮ የሚመጣ ነው፣ ሊኑክስ ላይም በግቢ ውስጥ የሚቀመጥ ሚረር ይሠራል። የመብራትን ነገር ግን አቅልዬ አላየውም፤ ፓች እየተጫነ መሐል ላይ መብራት ቢሄድ ሰርቨሩ ላይነሣ ይችላል። ስለዚህ ከጥገናው ሌሊት በፊት የዩፒኤሱ ባትሪ ይፈተሽ፤ ጄኔሬተሩም በእውነት ይነሣ እንደሆነ ይሞከር። ይህ ሥራ የሎጂስቲክስ ክፍል ነው ተብሎ ከአይሲቲ ክፍል ሲነጠል ብዙ ጊዜ ማንም አይሠራውም።

ፓች የማይፈልግ ብቸኛው አገልግሎት የተዘጋ አገልግሎት ነው። የኤስ ኤም ቢን የመጀመሪያ ስሪት ማይክሮሶፍት ራሱ «አትጠቀሙበት» ካለ ቆይቷል፤ ከ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ በሚወጡት አዳዲስ ሰርቨሮቹና በአብዛኞቹ የዊንዶውስ 10 ስሪቶች ላይም ከመነሻው አይጭነውም። አሮጌዎቹ ላይ ለመዝጋት ስትሞክሩ የሚያስቸግራችሁ ኮፒ ማሽኑ ነው፤ አሮጌ ኮፒ ማሽን ስካን ያደረገውን ወረቀት ፎልደር ውስጥ የሚጥለው በዚያ ስሪት ብቻ ስለሆነ ጸሐፊዋ ጠዋት «ስካነሩ ተበላሸ» ብላ ትደውላለች። ለእሷ መላ አስቀድማችሁ አዘጋጁላት፤ በኢሜይል የሚልክ አድርጉት ወይም ለብቻው የተለየ ኔትወርክ ስጡት። 445 ፖርት ደግሞ በምንም ምክንያት ወደ ኢንተርኔት ክፍት ሆኖ መታየት የለበትም። ይህን ለማጣራት አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ነገ ጠዋት ይደረግልኝ።

ሊኑክስ ላይም ያው ነው። በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ግሪም የተባለ የአሜሪካ የደህንነት ድርጅት አይ ስካዚ በተባለው የማከማቻ ክፍል ውስጥ ከ2006 ጀምሮ የተኙ ክፍተቶች ማግኘቱን ይፋ አደረገ። አይ ስካዚን በሕይወታቸው ተጠቅመውበት የማያውቁ ሰርቨሮች ሳይቀሩ ይመለከታቸው ነበር፤ በአንዳንዶቹ ላይ ያ ክፍል ሲጠራ ራሱን የሚጭን ነውና። ሰርቨር ስትጭኑ የማትፈልጉትን አውጡ፤ ያልተጫነ ነገር ሌሊት አያስነሣችሁም።

ኃላፊዎች ወደ ቢሯችሁ ስትመለሱ አንድ ደብዳቤ እንድትጽፉ እለምናለሁ። በየወሩ የትኛው ሌሊት ለጥገና እንደተያዘ፣ ሰርቨሩ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆም፣ በዚያ ሰዓት «ሲስተም የለም» ብሎ ለሚደውል ሁሉ መልስ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ይጻፍበት። ያ መልስ ሰጪ ባለሙያው አይሁን፤ እሱ እጁ ሥራ ላይ ነው። ሌሊቱን ያደረ ሰው በማግሥቱ እንዲያርፍም ይጻፍ፤ ሳይተኛ ያደረ ሰው በማግሥቱ በሌላ ሰርቨር ላይ የሚሠራው ስሕተት ከፓቹ የከፋ ሊሆን ይችላል። ለአስቸኳይ ጊዜም፣ የወሩ ቀን እስኪደርስ የማይጠበቅ ክፍተት ሲወጣ፣ ባለሙያው ማንንም ሳያስፈቅድ ማቆም የሚችልበት ሁኔታ በግልጽ ይቀመጥ።

ባለሙያዎች ሆይ፣ ለእናንተም አለኝ። ጠዋት ሰርቨሩ ተነሥቶ ፎልደሩ ሲከፈት ሥራው አለቀ አትበሉ። ብዙ ማስተካከያ ተጭኖም ሪስታርት እስኪደረግ አይሠራም፤ ስክሪኑ ላይ «ተጭኗል» ይላል፣ የሚሠራው ኮድ ግን አሁንም አሮጌው ነው። በእያንዳንዱ ሰርቨር ላይ ገብታችሁ የስሪቱን ቁጥር እዩ። ያልታደሱትን ዝርዝር ሳትደብቁ ለአለቃችሁ አቅርቡ፤ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የቀረበት ምክንያትና የሚታደስበት ቀን ይኑር፤ አለቃውም ይፈርምበት።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።